የኔታ ያላረሟት መስመር

ነፃነት ስልኳን የተነጠቀችው መገናኛ፣ የታክሲው ሰልፍ ፈርሶ ሰው በደረቱ ሲጋፋ ነው። ቦርሳዋን ብትዳብስ ባዶ። «ሌባ! ሌባ!» ብላ ጮኸች። መገናኛ ላይ እንዲህ የሚጮህ ሰው ሞልቷልና ዞር ብሎ ያያት እንኳ የለም። ረዳቱ ብቻ፣ «እህቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ታስገቢያለሽ?» አላት። ለስልኩ አልነበረም የደነገጠችው፤ ስልኩ ውስጥ የአባቷ ግጥሞች ነበሩ።

አባቷ ብርሃነመስቀል አምና ያረፈ ገጣሚ ነው። ስለ ወንዝና ስለ ጤፍ ነዶ የገጠመውን ያልሰማ የለም። ሲግናል ሠፈር ዕድሜውን ጨርሶ ስለ ከተማ አንዲት ስንኝ አለመጻፉ ግን ሲያሳማው ኖሯል። «አፉ ከተማ ይበላል፣ ልቡ ገጠር ያድራል» ይሉት ነበር። እሱ ዝም ነው። ቤት ውስጥም ዝም ነው። ነፃነት ያን ዝምታ እየጠላችው አደገች።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ጠጋ ያሏት። ከአባቷ ጋር ቅኔ የተማሩ፣ የእንጦጦ ማርያም አገልጋይ ናቸው።

«አባትሽ ትምህርቱን ትቶ ሾላ ገበያ ተሸካሚ በነበረ ጊዜ የገጠማቸው የከተማ ግጥሞች አሉ» አሏት። «ወረቀት የሚገዛበት የለውም። እሁድ እሁድ እየመጣ ለእኔ ይነግረኝ ነበር። ኋላ ስሙ ሲጠራ አፈረባቸው መሰል፣ አላነሳቸውም።»

«የት ነው ያሉት የኔታ?»

ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።

ታዲያ በስልክ ልቅዳ ብትል እንዴት ተደርጎ! «በቃል የተቀበልኩትን በቃል ነው የማስረክብ። ትሰሚያለሽ፣ ትመልሻለሽ። ሳታውቂው ሌላ አልሰጥሽም።» ስትስት መቋሚያቸውን መሬት ላይ ኳ ያደርጋሉ። ትክክለኛውን ቃል አይነግሯትም፤ ራሷ ፈልጋ እስክታገኘው ይጠብቃሉ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ግትርነቱ አይጣል ነው።

መጀመሪያ የሰጧትን ነፍሷ እስኪወጣ አጠናች። የሙት ዓመቱ ቀን ሲቃረብ ግን ጭንቅ ያዛት። የአባቷን ባልንጀሮች ሁሉ ጠርታ፣ «ያልሰማችሁትን ግጥሙን አሰማችኋለሁ» ብላ ቃል ገብታለች። «የኔታ፣ የቀሩትን ዝም ብለው ይንገሩኝ፤ ቤቴ አጠናለሁ» ብላ ለመነች። እሳቸውም ሳላቸው ጠንቶ ነበርና እያቅማሙ ሁሉንም አወረዱላት። ስልኩ ነጠላዋ ሥር እየቀዳ ነበር። ስልኩ ይሰማልና የእሷ ጆሮ ሥራ ፈታ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ የኔታ» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው እንግዲህ መገናኛ ላይ ጉድ የሆነችው።

በማግስቱ ልትናዘዝ የእንጦጦን ዳገት ወጣች። እግራቸው ላይ ወድቃ፣ ተቆጥተውም ቢሆን ደግመው እንዲነግሯት ነው ሐሳቧ። ባለቤታቸው እማማ ወለተማርያም ደጃፉ ላይ ተቀበሏት፤ ፊታቸው አብጧል።

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ቀኝ ጎኑን መታው፣ ልጄ። ሐኪም መጥቶ አየው። አንደበቱ ተዘግቷል።»

ነፃነት ግድግዳውን ያዘች። ገደልኩት፣ አለች በልቧ፤ አባቴን ሁለተኛ ገደልኩት።

የኔታ አልጋቸው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ብቻ ተከተላት። ስለ ስልኩ፣ ስለ ውሸቷ፣ ሁሉንም እያለቀሰች ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ታጽናናቸውም እንደሆነ ብላ የምታውቀውን ጀመረች።

«የሰው በር ተሸክሜ ከተማውን ዞርኩት፣
ለእኔ የሚከፈት አንድ በር አጣሁት።»

ኳ!

ደነገጠች። የኔታ በግራ እጃቸው የአልጋውን እንጨት መትተውታል።

«እኔን የሚያስገባ...» አለች ቶሎ ብላ። እጁ ዝም አለ።

ማረም ይችላሉ ማለት ነው! በቁሟ ሰምታ ያልሰማቻቸውን፣ ጆሮዋ ላይ ፍርፋሪያቸው የቀሩትን አነሳች። ትገምታለች፤ ኳ። ሌላ ቃል ትሞክራለች፤ ኳ። ታገኘዋለች፤ ዝምታ። ስትሳሳት ደስ ይላት ጀመር። ነገር ግን የኔታ እጅ እየከበደ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነው። እማማ ወለተማርያም በሩ ላይ ቆመው፣ «አታድክሚው» ይላሉ፤ ደግሞ ሄደው አያስቆሟትም። የመጨረሻዋ ግጥም ላይ ደረሰች።

«ሾላ ዝናብ ያዘኝ ጆንያ ለብሼ፣
ከላስቲክ ሥር ቆምኩኝ ከራስ እግሬ ርሼ፤
ጠጋ በል አለችኝ ሽንኩርት የምትሸጠው፣»

ቆመች። እናቷ በልጃገረድነቷ ሾላ ሽንኩርት ትቸረችር ነበር። እንዲህ መገናኘታቸውን አባቷ አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም።

አራተኛዋ መስመር የለችም። ብትቧጥጥ፣ ብትፈልግ፣ ጭራሽ የለችም። መቼም ያርሙኛል ብላ ከራሷ ፈጠረች።

«ያኔ ነው ከተማው በሩን የከፈተው።»

ኳ የሚለውን ጠበቀች። ዝም።

ተኝተው ይሆን? ዓይናቸው ተከፍቷል፣ እንባ ሞልቶታል። ለማጣራት ብላ ሦስተኛዋን መስመር ሆን ብላ አበላሽታ «ቲማቲም የምትሸጠው» አለች። ኳ! ወዲያው። እየሰሙ ነው። አስተካክላ አራተኛዋን ደገመችው።

ዝም።

«የኔታ፣ የአባቴ ናት? ወይስ የእኔ?»

እጃቸው እንጨቱ ላይ እንደተቀመጠ አልተነሳም። ነፃነትን ፍርሃት ወረራት። እሁድ በሙት ዓመቱ ሰው ፊት ቆማ፣ «ይህች የማን ናት?» ብትባል መልስ የላትም፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይኸው ፊቷ ተኝቶ ያያታል።

ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበችና ከመጀመሪያዋ ግጥም እንደገና ጀመረች። የኔታም ጣታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ስህተቷን ይጠብቁ ጀመር።