ቋጠሮው ረቡዕ ይላል

ሽመልስ የሰደበኝ ጥቅምት 6 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ነበር፤ የጂንካ ገበያ ጢም ያለበት ሰዓት፣ ከጠዋቱ አራት ከሩብ። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጎ ነበር። እኔ ቂመኛ ሰው አይደለሁም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ኮፍያውን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ያኔ የእሱ መኪና ላይ ዕቃ ጫኝ ነበርኩ። ከጎፋ ለጉልበት ሥራ መጥቼ፣ ዲመካ ላይ አራት ዓመት ለግንበኛ ድንጋይ ሳቀብል ሐመርኛ ለምጄ፣ በመጨረሻ ጂንካ የገባሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሽመልስ ደግሞ የባለሱቅ ልጅ፣ እንግሊዝኛ የሚያንበለብል፣ የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤት። በዚያን ቀን ለአራት ፈረንጆች "ነገ ዲመካ የከብት ዝላይ አለ" እያለ ብር ይቀበላል። የከብት ዝላይ ማለት የሐመር ጎረምሳ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ሚስት ለማግባት የሚበቃበት በዓል ነው። እኔ ጠጋ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ለእሱ ብቻ፣ "ጋሽ ሽመልስ፣ ነገ እኮ የለም። ያለው ከስድስት ቀን በኋላ ነው" አልኩት።

ዞር ብሎ ገበያው እስኪሰማ ጮኸ።

"አንተ ተሸካሚ! ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረህ ደንቆሮ፣ አንተ ነህ ለእኔ ቀን የምትነግረኝ? የተሸከምከውን ተሸክመህ ዝም በል!"

ይሄ አልበቃው ብሎ ለፈረንጆቹ ተረጎመላቸው። ሳቁ። ቅቤ የምትሸጠው ብርነሽ እንኳ ሳቀች። ብርነሽን ላገባት አስቤ ነበር። ተውኩት።

መልስ ያኔ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ወይጦ መንገድ ላይ ጎማ ስፈታ ነው። "እኔ የተሸከምኩትን ሁሉ ቦታው አድርሻለሁ። አንተስ?" ጥሩ መልስ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ይዤው ዞርኩ።

በእነዚህ ዓመታት መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ የአስጎብኚነት ሥልጠና ወሰድኩ፤ ከእህቴ ባል ጋር አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛን። በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፈቃዴን በመስታወት አድርጌ ሰቀልኩ። ደንበኛ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ሽመልስ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ዋጋ ሊያነጻጽር ነው። ዋጋዬን ይሰማና "ለምን ረከሰ?" ብሎ ወደ ሽመልስ ይመለሳል። ሰው ሲወደድበት ያምናል፣ ሲረክስለት ይጠረጥራል። ይሄንንም ስድብ ብዬ ይዤዋለሁ።

የካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ እናትና ልጅ ደጄ ላይ ቆሙ። እናትየው ነጠላ ያጣፉ፣ ከስልሳ አምስት የማያንሱ ሴት ናቸው፤ ተዋበች ይባላሉ። ከሐዋሳ ነው የመጡት፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ልጃቸው ቤዚ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ስልኳን ከእጇ አትለይም።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ዲመካ ደርሶ መልስ፣ ለሁለት ሰው፣ የከብት ዝላይን ጨምሮ፣ ስንት ነው?" አለች ቤዚ።

"ለማየት ብቻ ነው ወይስ ዘመድ አላችሁ?"

"ምን አገናኘው?"

"ዋጋው ይለያያል።"

እናትየው ሳቁና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "ዘመድስ አለኝ" አሉ። "በ87 ዓ.ም. ዲመካ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ሳጎ የምትባል የሐመር ሴት በእጄ ወለደች፤ ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። አላለቀሰም። አፉን ጠርጌ፣ እግሩን ይዤ ገልብጬ፣ መታ መታ ሳደርገው ጮኸ። ከዚያ ተዛወርኩ። ይኑር ይሙት ሳላውቅ ሃያ ስምንት ዓመት። አሁን ሊዘል ነው ብላ እናቱ ላከችብኝ። እሱን ቀን ካላየሁ ለምን መጣሁ?"

"ማን ነው የነገረዎት?"

"ሕዝቅኤል የሚባል የዲመካ ጤና ባለሙያ። ለሥልጠና ሐዋሳ ሲመጣ ስጦታዋን ሰጠኝና መኪና አመለጠኝ ብሎ ሮጠ።"

ቤዚ ጣልቃ ገባች። "አቶ ሽመልስ ሃምሳ ስምንት ሺህ ብለውናል። ሦስት ቀን፣ መግቢያ፣ ሆቴል፣ ሁሉም ውስጥ ነው። አርብ ዝላይ አለ ብለዋል።"

አርብ! የሽመልስ ኮርማዎች የደንበኛውን የዕረፍት ቀን ያውቃሉ።

"እኔ ዘንድ መኪናው ከነነዳጁና ከነሹፌሩ፣ ሹፌሩ እኔው ነኝ፣ ለሁለት ቀን አሥራ ዘጠኝ ሺህ" አልኩ። "ዲመካ ላይ ለአካባቢው አስጎብኚ የሚከፈል አለ፤ እሱን ራሳችሁ በእጃችሁ ትሰጣላችሁ፣ በእኔ አያልፍም። የዝላይ መግቢያ ደግሞ አትከፍሉም።"

"ለምን?"

"የተጠራ እንግዳ በር ላይ ሒሳብ አይጠየቅም። ብሩን የሚከፍል የማይታወቅ ሰው ነው።"

ቤዚ እናቷን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ፈቃዴን ተጠግታ አነበበች። "ይቅርታ ጋሼ፣ ግን... ለምን ረከሰ?"

ይኸው መጣ አልኩ በሆዴ። ስለ ሽመልስ የማውቀውን ልዘረግፍ አፌን ስከፍት ግን እትዬ ተዋበች ከቦርሳቸው ዳዊት አወጡ። "ቆይ፣ ስጦታዋን ላሳየው" አሉ። ከገጾቹ መካከል እንደ ዕልባት የተጋደመ የልጥ ገመድ ሳቡ። ገመዱ ላይ በተርታ የተቋጠሩ ቋጠሮዎች አሉ።

ከወንበሬ ተነሣሁ።

"እትዬ! ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው ያስቀመጡት?"

"በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው የሰጠኝ። እንዳይበላሽ ብዬ ዳዊቴ ውስጥ..."

"አልቆረጡትም?"

"የሰው ስጦታ ይቆረጣል እንዴ?"

"እትዬ ተዋበች፣ ይሄ ጌጥ አይደለም። የጥሪ ካርድ ነው። በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይቆረጣል፤ የመጨረሻው በተቆረጠበት ቀን ነው ዝላዩ።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወይኔ! አለፈኝ?"

ገመዱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። አንደኛው ጫፍ በቢላ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ሕዝቅኤል የሰው አደራ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ እስኪያደርስ ድረስ በየማለዳው ሲቆርጥ ነው የመጣው። የቀረውን ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16 ነው። የ16ቱን እሱ ቆርጦታል ብዬ ከ17 ማለዳ ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደገምኩት፤ እትዬ ተዋበችም በሹክሹክታ አብረውኝ ቆጠሩ።

"ሃያ ዘጠኝ" አሉ።

"ነገ ነው። ረቡዕ።"

ቤዚ ስልኳን አነሣች። "አቶ ሽመልስን ልጠይቅ" ብላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። ሽመልስ ወዲያው አነሣ።

"ነገ? ማን ነው ነገ ያላችሁ?"

"እዚህ ሜዳው ዳር፣ ዳርጌ የሚባሉ፣ ገመድ ቆጥረው..."

ስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ያው ሳቅ ነው፣ አላረጀም። "ዳርጌ! የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ የእኔ ተሸካሚ ነበር። በገመድ ነው ቀን የሚቆጥረው፤ ካላንደር አያነብም። አርብ ነው ስልሽ! በሉ ለእናትሽ ስል አርባ አምስት ሺህ አድርጌላችኋለሁ። ሠላሳ አምስት! ሌላ ምን ልሁን?"

ቤዚ ስልኩን ዘጋች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መልሴ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ግን እትዬ ተዋበች ገመዱን ሁለት እጃቸው ውስጥ አድርገው እንደ ጨቅላ ይዘውታል። እሳቸው ፊት ስለ ራሴ ላወራ አፈርኩ።

"እኔን አትመኑ" አልኩ። "መናኸሪያው ጋ የሐመር ሰዎች አይጠፉም። ገመዱን ያሳዩዋቸው፤ አማርኛ ባይችሉም በጣታቸው ይቆጥሩላችኋል። ነገ ሄደን ዝላይ ከሌለ ደግሞ የነዳጁን ብቻ ትከፍሉኛላችሁ።"

እትዬ ተዋበች ቀና ብለው አዩኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽመልስ ሁለቴ ዋጋ ቀነሰ። አንተ ለምን አንዴም አልቀነስክም?"

"የምቀንሰው የለኝም እትዬ። መጀመሪያ የነገርኩዎት እኮ ዋጋው ነው።"

ልጃቸውን ዞር ብለው አዩና "ቤዚ፣ ሃምሳ ስምንት ብሎ ሠላሳ አምስት የገባ ሰው፣ ቀኑንስ ስንት ጊዜ ይለውጠው ይሆን?" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፣ "ስንት ሰዓት እንነሣ?"

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ቀይ አፈር ከተማ ላይ አቁሜ የቡና ገለባ በከረጢት አስገዛኋቸው፤ ሐመር ቡና የሚያፈላው በገለባው ነው፤ ሐመር ቤት ገለባ ይዞ የሚገባ እንግዳ ሁለቴ እንግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ቋጠሮዎቹን በሐሳቤ እንደገና ቆጠርኩ። ሕዝቅኤል የኪዳነ ምሕረት ማለዳውን ሳይቆርጥ ሰጥቷቸው ቢሆንስ? ዝላዩ ትናንት ነበር ማለት ነው። ሽመልስ ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ ምን እንደሚል ሁሉ ሰማሁት። እትዬ ተዋበች ከኋላ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ቤዚ "ጋሼ፣ ትንሽ አይፈጥንም?" አለች። ትናንት ለምን ረከሰ ያለችኝ ልጅ ናት።

ዲመካ ደርሰን የአካባቢውን አስጎብኚ አሳፍረን መኪናዋን ደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ተውናት። በአሸዋው ላይ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። እትዬ ተዋበች በጾም ጉልበታቸው አንዴም እንረፍ አላሉም። ኩርባው ላይ ስንደርስ መለከት ሰማሁ። ቀጥሎ የእግር ቃጭል። ለእሳቸው ከመናገሬ በፊት ለራሴ "ተመስገን" አልኩ።

መግቢያው ላይ ብር የሚሰበስብ ሰው እጁን ዘረጋ። እትዬ ተዋበች ምንም ሳይሉ ገመዱን አሳዩት። ሰውዬው ቋጠሮዎቹን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ወደ ሴቶቹ ዞሮ ጮኸ። ጠጉሯ በቀይ አፈርና በቅቤ የተለወሰ አንዲት አሮጊት ከመሐል ወጣች። ሁለቱ ተያዩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሁለቱንም ለውጧቸዋል፤ ግን ሳጎ የእትዬ ተዋበችን እጅ ይዛ መዳፋቸውን ገልብጣ አየችና ደረቷ ላይ ጫነችው። ቀጥሎ ገመዱን አየች። አሥራ ሦስት ቋጠሮ እንዳለ ተቀምጧል! ወገቧን ይዛ ሳቀች።

"ምን አለች?" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ሳትቆጥሪ እንዴት ደረስሽ ነው የምትለው።"

እትዬ ተዋበች በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ሳጎ ቢላ አስመጥታ አሥራ ሦስቱንም ቋጠሮ በአንድ ጊዜ ቆረጠችው።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ከብቶቹ ተደረደሩ፤ ኦይታ፣ ያ በእግሩ የመጣው ልጅ፣ ራቁቱን ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። እትዬ ተዋበች እጄን ጨብጠው አላስተነፍስ አሉኝ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፤ አንዴም አልወደቀም። ሳጎ በጆሮዬ የነገረችኝን ለእሳቸው ተረጎምኩ። "በእግሩ የመጣ በእግሩ ይሮጣል ብዬሽ ነበር፤ ያኔ ቋንቋ አልሰማሽኝም እንጂ።" ጮማ ሲቀርብላቸው "ጾም ነው በልልኝ" አሉ። ያንን ለመተርጎም ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ስንሰናበት የኦይታ አጎት ጠራኝ። አዲስ የልጥ ገመድ መዳፌ ላይ አኖረ። የእሱም ልጅ ሊዘል ነው። "ለማን ላድርስ?" አልኩት፤ መልእክት ማድረስ ለምጄ።

"ለአንተ ነው" አለኝ።

ስንት ዓመት እዚያ አገር ተመላልሻለሁ። ሰው ይዤ ሄጃለሁ፣ ዕቃ ይዤ ሄጃለሁ። ተጠርቼ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን፣ ጂንካ ገበያ፣ ሰዓቱን አላየሁም። ሽመልስ ከሁለት ፈረንጆች ጋር ቆሟል። አርብ ዲመካ ወስዷቸው ባዶ ሜዳ አይተው ተመልሰዋል፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ኮፍያ የለውም፤ ራሱ ሸብቷል። እኔን ሲያይ ያው ድምፁ ወጣ።

"ዳርጌ! አንተ ተሸካሚ! በርካሽ እየሠራህ ገበያውን የምታበላሸው አንተ ነህ! ደንቆሮ ሁልጊዜ ደንቆሮ ነው! እስቲ ገመድህን አውጣና ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ቁጠርልኝ!"

ሰው ዞር ዞር አለ። ብርነሽ ከቅቤዋ ቀና አለች። አልሳቀችም። "ኤጭ፣ ሽሜ፣ አሁንም አልወጣልህም?" አለችው።

መልሴ ተነሥታ ጥርሴ ጋ ደረሰች። አሥራ ስምንት ዓመት የተወለወለች መልስ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ገመዱን ነካሁት። የዛሬውን ቋጠሮ ገና አልቆረጥኩም። ሜዳው ማዶ ደጄ ላይ ቤዚ የላከቻቸው ሁለት የሐዋሳ መምህራን ቆመው ፈቃዴን በመስኮት ያነባሉ። ዋጋ ሊጠይቁኝ ነው።

ሽመልስ "ምነው፣ ምላስህን ዋጥከው?" አለ።

ቢላዬን አውጥቼ ቋጠሮውን ቆረጥኩና በገበያው መሐል ወደ ሜዳው ሄድኩ።