የሮማነወርቅ ተራ

ከማኅበርተኞቹ ሁሉ መኪና የማልነዳም፣ የሚነዳልኝ ልጅ አጠገቤ የሌለኝም እኔ አበዛሽ ብቻ ነኝ። ልጄ ፌደራል ዌይ የሚባል ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። አዛውንት ስትንከባከብ ውላ ስትንከባከብ ታድራለች፤ እኔን የምታይበትን ጊዜ ከየት ታምጣው? ስለዚህ በየወሩ ከምኖርበት ከስካይዌይ ወደ ማርያም ማኅበራችን የሚወስደኝ የሮማነወርቅ ልጅ ናኦድ ነው። እግዜር ይስጠው፣ አንድም ቀን ፊቱን ቋጥሮብኝ አያውቅም። ናኦድ የሬኒየር ቫሊ ሰፈር ልጆች የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነው። ማኅበሩ ከጨዋታ ጋር ሲገጥም አስቀድሞ ሜዳ ይወስደኛል፤ ብርድ ልብስ ደርቦልኝ ታጣፊ ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። ስለ ኳስ ክብ መሆኑን ብቻ የማውቅ ሴትዮ፣ ይኸው በስተርጅና ዳኛ መሳደብ ለመድኩ።

ታዲያ በዚህ ሰሞን ጉድ ፈላ። ናኦድ መጀመሪያ ለቡድኑ ልጆች ተናገረ፣ ቀጥሎ በስልኩ ለዓለም ሁሉ ጻፈው፤ ጌይ ነኝ፣ የምወደው ወንድ ነው አለ። እስኪመሽ ድረስ ስልኬ ፋታ አልሰጠኝም። አንዷ ስትዘጋ ሌላዋ ኮል ታደርጋለች፤ የሁሉም ወሬ «ሰሙ ወይ?» ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ፤ ራቴንም አልበላሁ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ነገር ኃጢአት እንደምትለው ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው የኖርኩት፣ ዛሬም አልካድኩትም። ግን የሕንፃችን ሊፍት ተበላሽቶ ታች ቆሜ ሳለቅስ፣ አዝሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣኝ ማን ሆነና? እያለከለከ «እማማ፣ ግድ የለም፣ ጾም ሲገባ ይቀላሉ» እያለ ያሳቀኝስ? ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ማሰብ አቃተኝ። ስለዚህ ማሰቡን ትቼ ጸለይኩ።

ችግሩ የዚህ ወር ተራ የሮማነወርቅ መሆኑ ነው። ማኅበራችን በየወሩ በአንዷ ቤት ይገናኛል፤ አባ ልዑልቃል ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፣ ሁሉም ከጽዋው ይጠጣል። ቁርባን አይደለም፣ የማኅበር ጽዋ ነው። ሲያልቅ የሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ከሮማነወርቅ ቀጥላ የምትረከበው ሐመልማል ነበረች። እሷ ደግሞ ደውላ እንደማትሄድ፣ ሌሎቹም እንደማይሄዱ ነገረችኝ። ሐመልማልን ክፉ እንዳትሏት፤ ደግ ናት፣ ግን የሰው አፍ ትፈራለች። ተረካቢ ከሌለ ጽዋው እዚያው ይቀራል። ማንም «ውጪ» ሳይላት ሮማነወርቅ ከማኅበሩ ወጣች ማለት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሷ ዘመዷም ወገኗም ይህ ማኅበር ነው።

የማኅበሩ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ራሷ ሮማነወርቅ ደወለች። እንዳይከብድዎት ብዬ ዛሬ ናኦድን አልላክሁትም፣ ቢቀሩም አልቀየምም አለችኝ። ንዴቴ መጣ። ከበደኝ ብዬሻለሁ ወይ፣ ማን አፍ ሆነልኝ ብዬ ጮህኩባት። ማልቀስ ስትጀምር እኔም ላለቅስ ስለሆነ ስልኩን ዘጋሁ። ነጠላዬን ለበስኩ፣ ዱላዬን ያዝኩ፣ በአውቶቡስ ናኦድ የሚጫወትበት ሜዳ ድረስ ሄድኩ።

ልጆቹ ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተው ይጸልያሉ። ቡድኑ ድብልቅ ነው፤ ሙስሊሙ በልቡ የራሱን ይላል፣ ጴንጤውም የራሱን፤ ለእኛዎቹ «አባታችን ሆይ»ን የሚያስጀምረው ናኦድ ነው። በዚያን ቀን ግን ክቡ ውስጥ አልገባም። ጎሉ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ጓንቱን ያጠብቃል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል። ያን ጊዜ አምበሉ ጌዴዎን፣ የሐመልማል ልጅ፣ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና እጅጌውን ይዞ ጎተተው።

«ታዲያ ማን ሊያስጀምረን ነው?» አለው። «እኛ እኮ መሃል ላይ ስንደርስ ይጠፋብናል።»

ልጆቹ ሳቁ። ናኦድ ገባ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ትከሻውን አቀፉት፤ ጸሎቱን ጀመረ። እኔም ዳር ቆሜ አብሬያቸው ደገምኩ። ተመስገን ማለት የጀመርኩት እዚያ ነው። በሰው አገር ያደጉ ልጆች እንዲህ መያያዝ ካወቁ፣ ማን አስተማራቸው? እኛማ ያን ሳምንት ያስተማርናቸው ሌላ ነበር።

ጨዋታውን ተሸነፉ፤ የዳኛው ጥፋት ነው። ናኦድ እንዳየኝ ሮጦ መጣ፣ አጠገቤ ሲደርስ ግን ቆመ። እንደወትሮው ጎንበስ ብሎ አልሳመኝም። አንገቱን ይዤ እኔው ሳምኩት፣ ላቡንም አልተጸየፍኩም። መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደነዳ፣ «እማማ፣ ከእኔ ጋር መቀመጥ ያስፈራዎታል?» አለኝ።

«የሚያስፈራኝ አነዳድህ ነው» አልኩት። «ሌላውን ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገርኩበት ነው፣ አልጨረስንም። ልጄ ማለቴን ግን አልተውም።»

ዓይኑን በጓንቱ ጠረገና በቀስታ ነዳ።

ሮማነወርቅ ቤት ስንደርስ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር። ለመንደር የሚበቃ ወጥ ሠርታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ስታየኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቀስ በቀስ ሦስት ማኅበርተኞች መጡ፤ ከዚያ ጌዴዎንና የቡድኑ ልጆች ጭቃ ባለው ካልሲያቸው ግር ብለው ገቡ። ጌዴዎን እናቱን እንዳላመጣ ከፊቱ ያስታውቃል። በመጨረሻ አባ ልዑልቃል መጡ። ሮማነወርቅ መስቀል ልትሳለም ቀርባ ከፊታቸው ቆመች። እሳቸውም ሁላችንም እየሰማን ተናገሩ።

«አስተምህሮውን መለወጥ አልተሰጠኝም፤ አልለውጠውም። ዳቦሽን ሳልባርክ መሄድም አልተሰጠኝም።»

ባረኩ። በላን፣ ጽዋውም ዞረ። ልጆቹ የበሉትን ብታዩ! ናኦድ ግን ለሰው ሲያቀርብ፣ ሲያነሳ ቆየ እንጂ ጽዋው ወዳለበት ዝር አላለም። ማንም አልከለከለውም፣ ማንም አልጠራውም።

ከዚያ ያ ሁላችንም የፈራነው ሰዓት ደረሰ። አባ ጽዋውን ይዘው ተረካቢዋን ሐመልማልን ፈለጉ። የለችም። ጌዴዎን አንገቱን ደፋ። ከመጡት ሦስቱ አንዷ ምንጣፉን፣ ሌላዋ ስልኳን፣ ሦስተኛዋም እጇን ታያለች። ቤቴ አንድ ክፍል ስለሆነ ማኅበሩ እኔን ከተራ ነጻ ካወጣኝ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔን የጠበቀ አልነበረም። ዱላዬን ተደግፌ ተነሣሁ።

«እኔ እረከባለሁ» አልኩ።

«እማማ፣ ቤትዎ እኮ አይበቃም» አሉኝ አባ፣ በደግነት።

«የሚመጣው ካነሰ ይበቃል፣ አባ። ከበዛም ተመስገን ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ይቁሙ።»

ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ውስጡ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ድንግል ማርያምን በልቤ አመሰገንኳት፤ ለዚህ አበቃሽኝ፣ ገና የምረባ ሰው ነኝ ለካ አልኳት። በጨርቁ ከመሸፈኔ በፊት እያነከስኩ ክፍሉን አቋርጬ ናኦድ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉም ያየኛል። አባም ያያሉ፤ አልከለከሉኝም።

«ጠጣ፣ ልጄ» አልኩት።

ናኦድ ሳህን ሲያነሳ የቆየ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጽዋውን ተቀበለኝና ጠጣ። ሮማነወርቅ ከንጋት ጀምራ እንደቆመች ነበር፤ ያን ጊዜ ከወንበሮቹ አንዱን ስባ ተቀመጠች።