ጉሬዛን ልመልስ ሄጄ

ታፈሰ ውሻችንን ለሰው የሰጠው እኔ ገበያ በዋልኩበት ቅዳሜ ነው። ከሚዛን ተመልሼ አማን ያለው ቤታችን ስደርስ ጉሬዛ እንደ ወትሮው ሮጦ አልተቀበለኝም። ከማንጎው ሥር ጥጃ የሚያክል የፈረንጅ ውሻ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። አልጮኸብኝም። ዝም ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ የሚጮህ ውሻ አልፈራም፤ የምፈራው ዝም የሚለውን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ባሌን።

«ጀርመን ነው።»

«አገሩን አልጠየቅኩህም፤ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ጋሽ ይርዳው ሰጠኝ። በነጻ! ስሙ ማክስ ነው።»

«ጉሬዛስ?»

ታፈሰ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። «ሁለት ወንድ ውሻ አንድ ግቢ ውስጥ እንዴት ይኖራል? ለሔዋን ሰጠኋት።»

ሔዋን የአጎቱ ልጅ ሚስት ናት። ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጫካ ጥግ ላይ ቡናና በቆሎ አላቸው።

ጋሽ ይርዳው ከእኛ አጥር ቀጥሎ ትልቅ ቤት የሠራ ነጋዴ ነው። ቤቱን ሲጨርስ ጀርመን ውሻ ከጅማ አምጥቶ፣ የብረት በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ አስጻፈ። ሰፈሩ ሁሉ ተከተለው። ያለው ገዛ፤ የሌለው ጽሑፉን ብቻ አስጻፈ። ያበሻ ውሻ ማሳደግ የድሃ ምልክት ሆነና ስንቱ ውሻ መንገድ ላይ ወጣ። ከዚያ ደግሞ የይርዳው ሴት ልጆች ስልክ ላይ አንዲት ነጭ፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የሆነ ትንሽ ውሻ አይተው እንደሷ ያለች ከአዲስ አበባ አስመጡ። እንደ ሕፃን ታቅፈዋት ፎቶ ይነሣሉ። ትልቁ ውሻ ብዙ ይበላል፣ ቦታ ይይዛል ተባለ። ታፈሰ ግን ፋሽኑ ማለፉን ገና አልሰማም ነበር።

ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው በጫካችን ጉሬዛ ስም የጠራነው። ቡችላ ሆኖ ወደ ቤታችን ሲመጣ ልጄ ትዝታ ገና ትድህ ነበር። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኛታል፤ ተሻግራ ከጓደኞቿ ጋር እስክትቀላቀል ቁጭ ብሎ ያያል፤ ከዚያ ጅራቱን እየቆላ ይመለሳል። ልጄ በሰላም መሻገሯን የማውቀው እሱ ሲመለስ ነው። አስፋልቱ ላይ የቡና ጭነት መኪና ይበርራል፣ ባጃጅ ይበርራል። እኔ ጭንቀታም ሰው ነኝ፤ ሰው ሁሉ ይነግረኛል፣ አውቀዋለሁም።

ጉሬዛ ከሄደ በኋላ ሥራዬን እየጣልኩ ራሴ እከተላት ጀመር። ትዝታ ጓደኞቿ ፊት አፈረችብኝ።

«እማ፣ አትከተዪኝ! ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ወደ ጀርመኑ ግን አትጠጋም። ስሙንም አትጠራም፤ «ያ ውሻ» ነው የምትለው። እኔም እንዳትጠጋው እፈልጋለሁ፤ አፉን ሲከፍት የልጄ ራስ የሚገባ ይመስለኛል። ማታ እራት ፊቷ አቅርቤላት አልነካ አለች።

«ጉሬዛን አምጪልኝ።»

«ቅዳሜ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ታፈሰ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። በእኛ ዘንድ ውሻ አይሸጥም። ወሳጁ አንድ እፍኝ ጨው ለሰጪው ቤት ይሰጣል፤ ጨው ከተበላ በኋላ ውሻዬን መልስ ማለት ነውር ነው። ውሻው ራሱ የድሮ ቤተሰቡን ተከትሎ ከመጣ ግን ማንም አይከለክለውም።

«ጨዋቸውን በልተናል እኮ፣ ንጋቷ!»

«አንተ ብላ። እኔ ሳላውቅ የበላሁት አይቆጠርብኝም።»

ባዶ እጄን እንዳልሄድ ብዬ ጀርመኑን በምትኩ ልሰጣት ቆረጥኩ። ቅዳሜ ሰንሰለቱን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት አፉን ያዘ።

«ማዘር፣ ይሄ አንበሳ የት ሊቀመጥ ነው?»

«እግሬ ሥር።»

«እግርሽስ የት ይቀመጣል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ «አምና ይሄን ለማየት አጥር ላይ እንንጠለጠል ነበር፤ ዘንድሮ እንደ እኛው ተጋፍቶ ይሄዳል» አሉ።

ውሻው መንገዱን ሙሉ ተንቀጠቀጠ። ራሱን ጉልበቴ ላይ ጣለና ምራቁ ቀሚሴን አራሰው። ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። እንዳይነክሰኝ ፈርቼ ጉልበቴን አላንቀሳቅስም። እኔ እሱን ፈርቼ፣ እሱ መኪናውን ፈርቶ፣ እንደምንም ደረስን።

ከመንገዱ ወርደን ጅረቱን በግንድ ድልድይ ተሻገርን። የቡናውን ጥላ አልፈን በቆሎው ሲታይ ጉሬዛ ድምፄን ሰምቶ እንደ ጥይት መጣ። ተንበርክኬ አቀፍኩት። ከስቷል፣ ጆሮው ላይ አዲስ ጭረት አለ፤ ዓይኑ ግን ያበራል። ጀርመኑን አሸተተውና እንደማይረባ ነገር ተወው።

ሔዋን ልጇን አዝላ ወጣች። ባሏ ለቡና ሥራ ቴፒ ሄዶ ብቻዋን ናት።

«እትዬ ንጋቷ! ፈረስ ገዛችሁ እንዴ?»

ሳቅን። ወዲያው ግን የመጣሁበት ገባት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እንዲያም ሆኖ ትኩስ ጎደሬ በዳጣ አቀረበችልኝ። ገና አንድ እንደጎረስኩ ከጫካው ጥግ ዝንጀሮ ጮኸ። ጉሬዛ ከአጠገቤ መቼ እንደተነሣ አላየሁም። በቆሎው ውስጥ ጩኸቱ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ የዝንጀሮዎቹ ጫጫታ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ጀርመኑስ? ከኋላዬ መጥቶ ራሱን ነጠላዬ ውስጥ ከተተ።

ሔዋን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። 

«ልትወስጂው ነው?» አለችኝ።

«ትዝታ እህል አልቀምስ አለች። ቃል ገባሁላት፣ ሔዋንዬ። ይሄኛውን ልተውልሽ።»

«ዝንጀሮ ሲጮህ ነጠላ ውስጥ የሚገባውን? እትዬ፣ እሱንም እኔ ልጠብቀው?» ከበቆሎው መሐል በእንጨት ከፍ ተደርጎ የተሠራውን ማማ በአገጯ አሳየችኝ። «ጉሬዛ ሳይመጣ ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮ እየጠበቅኩ እዚያ ላይ ነበርኩ። ልጁን ለማን ልተወው? አዝዬው እወጣለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለኝና ከጀርባዬ ሲንሸራተት እግሩን ያዝኩት። እግሩን ብቻ። ጉሬዛ ከመጣ ወዲህ መሬት ላይ ነኝ።»

ጉሬዛ ከበቆሎው ተመልሶ አጠገቤ ተኛ።

«አልከለክልሽም» አለች። «ልጅሽም ልጅ ናት። አልጠራውም። ከተከተለሽ ይሂድ።»

ስነሣ ጉሬዛም ተነሣ። በቡናው ውስጥ እየሄድኩ ኮቴውን ከኋላዬ እሰማለሁ። ሔዋን ቃሏን ጠበቀች፤ አልጠራችውም። ጅረቱ ጋ ሲደርስ ቀድሞኝ ግንዱን ተሻገረና ዞሮ ጠበቀኝ። እኔም ጀርመኑን እየጎተትኩ ተሻገርኩ። ከዚህ በኋላ መራመድ ብቻ ነው የቀረኝ። ትዝታ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን በሐሳቤ ታየችኝ።

ባላይ ኖሮ እሄድ ነበር። ዞር ብዬ አየሁ። ከዚህኛው ዳር ማማው ከበቆሎው በላይ ይታያል። ሔዋን እየወጣች ነው፤ በአንድ እጇ መሰላሉን ይዛለች፣ ሌላውን ወደ ኋላ አዙራ ያዘለችውን ልጅ ደግፋለች። የእኔ እጅ ሳላዘው ወደ ጀርባዬ ሄደ። ትዝታን ካወረድኳት ስንት ዓመቴ፣ እጄ ግን አልረሳም።

«ጉሬዛ፣ ተመለስ» አልኩት።

ጅራቱን ቆላ።

«ሂድ! ወደዚያ ሂድ!»

ቁጭ አለ። ጨዋታ መስሎታል፤ ተቆጥቼው አላውቅም።

ያበሻ ውሻ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሣ ነው። መወርወር እንኳ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፣ ከእናታቸው ጡት ጋር ይጠቡታል። እኛ ቤት ግን ማንም ለጉሬዛ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

ጎንበስ አልኩ።

ጉሬዛ ብድግ አለ። ጆሮው ወደቀ። በደንብ ያላየ ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። ድንጋዩን አነሣሁና እጄን ከፍ አደረግኩ። ያን ጊዜ ዞረ። ግንዱን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ አንዴ ቆመ፤ ከዚያ ወደ በቆሎው ሮጠ።

ጀርመኑ ግን በደስታ ሰንሰለቱን ጎተተኝ። እጄ ላይ ያለውን ድንጋይ አሸተተ፣ ወደ ኋላ ዘለለ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ጅራቱን እየወዘወዘ ጠበቀ። እንድወረውርለት! ይርዳው ግቢ ውስጥ ኳስ ነበር የሚወረወርለት። ድንጋይ ምን እንደሆነ አያውቅም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ድንጋዩን የያዘውን እጄን ላሰልኝ። ጥርሱን ከእጄ አጠገብ አየሁትና የፈራሁት ለራሴ ሳይሆን ለእሱ ሆነ። ይህን ውሻ መንገድ ላይ ብለቀው ድንጋይ ወዳነሣበት ሰው ሁሉ እየሮጠ ይሄዳል።

ቤት ስደርስ ትዝታ በር ላይ ነበረች። ሰንሰለቱን አየች፤ ከኋላዬም ተመለከተች።

«የታለ?»

«እዚያው ነው።»

«አልመጣም አለ?»

አዎ ብላት ለእኔ በቀለለኝ። ለእሷ ግን ጉሬዛ ረሳኝ ማለት ነው።

«መጥቶልሽ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሕፃኑን፣ ማማውን፣ ድንጋዩን። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰማች።

«ድንጋይ አነሣሽበት?»

«አነሣሁበት።»

«መታሽው?»

«አልመታሁትም።»

ገብታ ተኛች። እሑድን ሙሉ አላናገረችኝም። 

ሰኞ ጠዋት ደብተሯን አንጠልጥላ ወጣች። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ፣ እንዳታየኝ ትንሽ ቆየት ብዬ ልወጣ ስል የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ። ከማንጎው ሥር ጎንበስ ብላ እየፈታችው ነው።

«ትዝታ! ተይ! ይጎትትሻል!»

«ታዲያ ነያ» አለች፣ ሳታየኝ። «መንገዱን አያውቅም። ለብቻው እንዴት ይመለሳል?»

ሰንሰለቱን አብረን ያዝነው። ገና ከበሩ እንደወጣን አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ። ያ ሁሉ ግዝፈቱ በሁለታችን መካከል ተሸጎጠ፤ ልጄን ሊጥላት ነው ብዬ ጮኽኩ። ትዝታ ግን አንገቱን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞህ» አለችው፣ «ባጃጅ ነው፣ ማክስ። ባጃጅ ብቻ ነው።»