የመጨረሻው ነው በደንብ የተጫንኩት

ኢንጂነሩ የተራ ቁጥር ማሽኑን ሲሠራ እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ፣ ማሽኑንም ዝም አሰኘው። ቁልፉን ሲጫኑ «ጢው» የምትለዋን ድምፅ «የልጅ መጫወቻ አስመሰለችው» ብሎ አወጣት። «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለውን ጽሑፍ «ማሽን አይለማመጥም» ብሎ አጠፋው። የቀሩትን ፊደሎች በነጭ መደብ ላይ ፈዘዝ ባለ ግራጫ ጻፋቸው። ወረቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ለፊት መሆኑ ገጹን አበላሸብኝ ብሎ ወደ ታች፣ ጉልበት አጠገብ ሸሸገው። ቁልፉ ከተጫኑት በኋላ ወረቀቱ እስኪወርድ ስድስት ሰከንድ ይፈጃል፤ በነዚያ ስድስት ሰከንዶች ስክሪኑ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ያያል።

«ንጹሕ!» አለ ሲጨርስ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ።

እንደ ደንቡም አስፈተነው። ስድስት የቢሮ ባልደረቦቹ በየተራ ተጫኑት፣ ስድስቱም ቀናቸው። ስድስቱም ዓይናቸው እንደ ጭልፊት የሆነ ወጣቶች ናቸው፤ ስድስቱም ሦስት ወር ሙሉ ማሽኑ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጠው ከርመዋል። መመሪያው ላይ «ማንም ሰው ያለ ማንም እርዳታ ይጠቀምበታል» ተብሎ ተጻፈ። «ተራ መዝለል ክልክል ነው፤ ላልቀረበ ባለ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ይጠበቅ» የምትል አንቀጽም እዚያው ተጨመረች። ከዚያ ማሽኑ ተጓጉዞ ሄደና የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ተተከለ። አዎ፣ የዓይን።

የዛሬው ቀን ለእናቱ ትልቅ ቀን ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ክር በመርፌ ዓይን ስታሾልክ ኖራ፣ አሁን የራሷ ዓይን አደመባት። ቀኙ ከፈዘዘ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በግራው ላይ ደግሞ ጉም እየወረደ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚወስነው ሐኪም ወደ ክሊኒኩ ብቅ የሚለው በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ባለፈው ሲያያት «ከሚቀጥለው እንዳያልፍ» ብሎ አስጠንቅቋታል።

«ላድርስሽ፣ እማዬ?» ብሏት ነበር ጠዋት።

«ሂድ ወዲያ! የገዛ ልጄ ማሽን ያቅተኛል እንዴ? ብቻዬን ነው የምሄደው።» የምትሰፋላቸውን ሴቶች በሙሉ «ማሽኑ የልጄ ነው» ብላ አሰልችታቸው ስለነበር፣ ይህ ለእሷ የክብር ጉዳይ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደወለ።

«ስማ፣ ማሽንህ እስካሁን ዘጠና ሰው መዝግቧል። ሐኪሙ ያየው አሥራ አንድ ነው። የቀረው ሰው የት ገባ? ዐረገ?»

ኢንጂነሩ መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ «ሪፖርት ይዤ እመጣለሁ» አለው። አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈ፤ ርዕሱን በደማቁ «የተጠቃሚ ስህተት» አለው፤ አትሞ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ገሠገሠ።

የመጠበቂያው አዳራሽ አግዳሚዎች ላይ ሃያ የማይሞላ ሰው ተቀምጧል። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትጣራለች።

«ሃምሳ ሰባት!»

የሚነሣ የለም። ነርሷ ሰዓቷን እያየች ቆመች። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሁለት ደቂቃ ሞላ።

«ሃምሳ ስምንት!»

አሁንም የለም። ከበሩ ውስጥ የሐኪሙ ድምፅ መጣ፤ «እህቴ፣ ወይ ሰው አስገቢ፣ ወይ ሌላ ጋዜጣ አምጪልኝ! ይቺን ሁለቴ ጨረስኳት።»

ኢንጂነሩ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ጥፋተኛውን ተጠቃሚ ይጠብቅ ጀመር። ብዙም አልቆየ። ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ መጡ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው ካነበቡ በኋላ ቁልፉን ተጫኑ። ዝም። ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ኪስ ሲገቡ የተያዙ ይመስል። እንደገና ተጫኑ። ዝም። በሁለት ጣት ተጫኑ። እፍ አሉበት። በመጨረሻም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በናትህ» አሉት። አይለማመጥም የተባለውን ማሽን ሰው እየተለማመጠው ነው።

አንዲት ሴት ከወንበሯ፣ «ከታች ነው፣ አባባ» አለቻቸው። ጎንበስ ሲሉ ወረቀቱ ተከምሯል። አፈፍ አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ጠቀጠቁት፣ አንዷን ብቻ በእጃቸው ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው ተቀመጡ።

«ምን ታያለህ?» አለችው ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ካርድ የምትደረድር ሴት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ስለተቀመጠች ሰው ሁሉ «እትዬ መስኮት» ነው የሚላት፤ መስኮቷ የተዘጋው ማሽኑ ሲመጣ ነው። «ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው።»

«እርስዎ እንዴት ነበር የሚያደርጉት፣ እትዬ?»

«እኔማ ምን አደርጋለሁ? ካርዱን ስቀበል ዓይን ዓይኑን አይቼ ‹ይዣለሁ፤ ይቀመጡ› እለዋለሁ። ይቀመጣል።»

«በቃ?»

«ምን አነሰው? ይዣለሁ ያላሉት ሰው በምን ልቡ ይቀመጥ?»

ኢንጂነሩ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ነገር ድንገት በአንዲት መስኮት ስፋት ልክ ሆኖ ታየው። መልስ ሊሰጣት ሲል ግን ከጥግ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ እናቱን አያት። ቦርሳዋን በሁለት እጅ አቅፋ፣ ፎቶ እንደምትነሣ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሄዶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ እስካሁን? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ያለሽው?»

«ሁለት ተኩል ደርሻለሁ። ሰማንያ ስድስት ነኝ» አለች፣ ወረቀቷን እያሳየች።

የግድግዳውን ሰዓት አየ። አምስት ከሩብ። የተጠራው ሃምሳ ስምንት። ሃያ ሰባት ባዶ ቁጥር በሁለት ሁለት ደቂቃ ቢባዛ ሐኪሙ ሄዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቧል።

«ሁለት ተኩል የደረሰ ሰው እንዴት ሰማንያ ስድስት ይሆናል?»

«ዝም በል እስቲ፣ ሰው ይሰማል!» ወደ ጆሮው ተጠጋች። «መጀመሪያ ስጫነው አልሆነልኝም። ደጋገምኩት። ጉድ ፈላ፣ አንድ እቅፍ ወረቀት ተፋ! አበላሸሁበት ብዬ ደነገጥኩ። ቀስ ብዬ ሰብስቤ ደበቅሁት። ሰው ቀለል ሲል ተመልሼ አንዴ ብቻ፣ ቀስ አድርጌ ተጫንኩና ጠበቅሁ። አንድ ወረቀት ብቻ ሰጠኝ። የመጨረሻው ነው በደንብ የተጫንኩት።»

«የመጀመሪያው ስንት ቁጥር ነበር?»

«ሃያ ሦስት። ተጠራ እኮ፤ ዝም አልኩ። በስህተት ያገኙትን ተራ ይዞ መግባት ደግ ነው?» ቀጠለችና፣ «አንተ ግን አይክፋህ። ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ እኔ ነኝ ደደቧ» አለች።

ቦርሳው ውስጥ ያለችው አንድ ገጽ እንደ ጋለ ምጣድ ጎኑን አቃጠለችው። ብድግ አለ።

«ይቅርታ! ከአንድ በላይ ወረቀት የደረሰው ሰው አለ?»

ሽማግሌው ክራባታቸውን አስተካከሉ። እናቱ የኮቱን ጫፍ ጎተተች፤ «ተቀመጥ፣ አታዋርደኝ!»

ያኔ ነገሩ ገባው። እዚህ የተቀመጠ ሁሉ «እኔ ብቻ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ነው የተቀመጠው። ሥራ አስኪያጁም ድምፅ ሰምቶ ከቢሮው ብቅ ብሏል።

«ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስትጫኑት መልስ እንዲሰጣችሁ አላደረግሁም። ወረቀቱንም የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የናንተ አይደለም። እባካችሁ ኪሳችሁን አራግፉ።»

መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሰደዱ።

«ዘጠኝ» አሉ፣ አቀርቅረው። «የሂሳብ መምህር ነኝ ደግሞ።»

አንዷ ሳቀችና ከጫማዋ ውስጥ ሰባት አወጣች። ሌላው ከኮፍያው፣ አንዱ ከመጽሐፉ መካከል። ወረቀት በወረቀት ሆነ፤ ሳቁም ተዛመተ። በመጨረሻ እናቱ ቦርሳዋን ከፈተች። በመሐረብ ተጠቅልለው፣ በክር በደንብ ታስረው፣ ከሃያ ሦስት እስከ ሠላሳ።

ነርሷ ወረቀቶቹን በመጀመሪያ ቁጥራቸው ደረደረች፤ የቀረው ሰው አሥራ ሦስት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

«ሃያ ሦስት!» ብላ ተጣራች።

«እሱ እኮ ስህተቴ ነው» አለች እናቱ፣ ሳትነሣ።

«ስህተቱ የኔ ነው፣ እማዬ። ተራው ያንቺ ነው። ግቢ።»

«ይግቡ እንጂ፣ እመቤቴ!» አሉ የሂሳብ መምህሩ። «እርስዎ ካልገቡ ዘጠኝ ጊዜ የተጫንኩት እኔ በምን ዓይኔ እገባለሁ?»

ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ተጠጋው። «እንግዲህ በስልክ ሪፖርት አመጣለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«አምጥቻለሁ።» ገጿን አወጣ፣ ገለበጣትና በጀርባዋ በወፍራም እስክርቢቶ «አንዴ ይጫኑ። ስድስት ይቁጠሩ። ወረቀቱ ከታች ይወጣል» ብሎ ጻፈ። እትዬ መስኮት ሳትጠየቅ ፕላስተር አቀበለችው። ያን የመሰለ ንጹሕ የማሽን ገጽ መሐሉ ላይ ለጠፈበት። ጠማማ ነበረ፤ አላቀናውም።

«መስኮቱንም ይክፈቱልኝ» አለ ለሥራ አስኪያጁ፤ «ማሽኑን አስተካክዬ እስክመልሰው።»

እናቱ ስትወጣ ጠብታ ተደርጎላት ዓይኗን ያጭበረብራት ነበር። ክንዷን ያዛት።

«ምን አለሽ?»

«‹በሰዓቱ ደርሰሻል› አለኝ። ማክሰኞ እሱ ያለበት ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ቀዶ ሕክምናውን ይሠራልኛል።» ማሽኑ አጠገብ ሲደርሱ ቆመችና ወረቀቱን በእጇ ዳሰሰች። «እዚያስ እንዲህ ያለ ማሽን ይኖራቸው ይሆን?»

«ሳይኖራቸው አይቀርም።»

«ስንቴ ልጫነው?»

«አንዴ።»

«ዝም ካለኝስ?»

«ያኔ ደደቡ የሠራው ሰው ነው፤ አንቺ አይደለሽም።»

እናቱ ክንዱን ቆንጠጥ አደረገችው።

«እሱንስ እንዲህ አትበለው» አለች፤ «እናት ይኖረዋል።»