ጋሼ ጎተራ ዝም ሲሉ

ዝም በል፣ ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ የተጠየቀችው እሷ ናት፣ ይላል ለራሱ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ፣ ልጅቷ ስክሪኑ አጠገብ ቆማለች። ልጅቷ ይላታል እንጂ መሐንዲስ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። የሆስፒታሎቹን የኦክስጂን ማሽኖች ራሳችን እንጠግን፣ በየጊዜው ከውጭ ባለሙያ ከምናስመጣ እዚሁ ማሰልጠኛ እንክፈት ብላችኋል፣ መልካም፣ ግን ማጣሪያው ውስጥ እርጥበት ሲገባ ማን ያድነዋል? ነው ያሉት ሰብሳቢው። ዛሬ እሺ ካላሉ ማሰልጠኛው ቀረ፣ እሱም በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል፣ በቃ።

መልሱ እኮ አፉ ውስጥ ነው፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ፣ አየሩ በየት በኩል እንደሚነፋ፣ ስንት ክረምት ከዚያ ማሽን ጋር ሲታገል ያገኘው። ለማን አስተማረው? ለማንም። ልጅቷ ጋሼ ያሳዩኝ ስትለው፣ ዞር በይ እኔ ልሥራው ይፈጥናል፣ ታካሚ እየጠበቀ ምን ትምህርት አለ። ወርክሾፑ ውስጥ ጋሼ ጎተራ ይሉታል፣ ሲያልፍ ሰምቷል፣ ሙሉ ነህ ያሉት መስሎት ደስ ብሎት ለሚስቱ ቢነግራት ሳቀች፣ አዬ የኔ ጌታ፣ ጎተራ እኮ ካልተከፈተ ነቀዝ ነው የሚበላው፣ አለችው፣ አኩርፏት ሰነበተ። መቼ ተሳስታ ታውቃለች ይቺ ሴትዮ።

ታየዋለች። ልጅቷ ታየዋለች፣ ይግቡበት እንጂ ጋሼ በሚል ዓይን፣ እንደ ሁልጊዜው ቃሏን ከአፏ ተቀብሎ እንዲጨርስላት፣ ቢናገር ሰብሳቢው ይረካሉ፣ ከዚያስ፣ ማሰልጠኛው በሱ ምላስ ይከፈትና አብሮት ጡረታ ይወጣል። ጣሪያውን ያያል። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጨክኜብሽ አይደለም፣ እወድሻለሁ እኮ፣ ከወለድኳቸው መች ለየሁሽ፣

አላውቅም፣ ትላለች።

ክው ይላል። በዚህ መሥሪያ ቤት ይህን ቃል ከማን ሰምቶ ያውቃል፣ እሱ ራሱ መቼ ወጥቶት። እርጥበት የገባበትን ማጣሪያ አድኜ አላውቅም፣ ትላለች፣ ድምጿ መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠ፣ ኋላ እየጠና፣ የሚችሉት እኚህ ጋሼ ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሊሄዱብን ነው፣ ማሰልጠኛው ያስፈለገንም ለዚሁ ነው፣ የመጀመሪያው አስተማሪ እሳቸው፣ የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ፣ ግን እሳቸው እጃቸውን አያስገቡም፣ የምንፈታውም የምንገጥመውም እኛ ነን፣ ብናበላሸውም።

አይ አንቺ፣ ሳታማክሪኝ፣ ከጡረታዬ ጎትተሽ። ይህ መልስ እሱ ዘንድ አልነበረም፣ ከየት አመጣችው፣ ደስታው ሊያስለቅሰው ነው፣ በሽማግሌነቱ፣ በቦርድ ፊት።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ወደሱ ይዞራሉ፣ እንዴት ነው ታዲያ፣ ልጆቹ ሲያበላሹ ቆመው ማየት ይችሉበታል?

እሱን አላውቅበትም፣ ይላል፣ እሷ ታስተምረኛለች።