ከባዱ ማዳመጫና ቀላሉ

ጉጠት የሚስቱን ወንድም መንጋጋ የሰበረው በሬዲዮ የተነሣ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ቢኖረውማ ጎረቤቱም ትንሽ ባዘነለት ነበር።

ጉጠት ያሉት የብየዳ ቤት ጓደኞቹ ናቸው፤ እጁ የያዘውን አይለቅምና። በርና የመስኮት ፍርግርግ ሲሠራ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ቀኑን ሙሉ መዶሻው ላሜራውን ሲቀጠቅጥ፣ የብረት መቁረጫው ሲያፏጭ ይውላል። ሥራው ሲያበቃ ሰውየው ቤቱ ይገባል፤ ጩኸቱም ተከትሎት ይገባል። ጆሮው ውስጥ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ሲው የሚል ነገር አለ፣ እሱን የሚያስረሳው ዘፈን ብቻ ነው። ዘፈኑ ደግሞ ከሲውታው በላይ ካልጮኸ አይሰማውም። እንግዲህ አስቡት ልጆቼ፣ ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የልብስ መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ደንበኞቿም እዚያው። ወንድሟ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ ተጠግቷቸው፣ ጓዳ ተቀምጦ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ያጠናል።

ያን ቀን ወንድምየው ከጓዳ ወጣ ብሎ ድምፁን ቀነሰው። ጉጠት መልሶ ከፍ አደረገው። ወንድምየው፣ "ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ነገ ነው" ብሎ እጁን እንደገና ወደ ሬዲዮው ሲሰድ፣ ጉጠት ከተቀመጠበት እንኳ ሳይነሣ አገጩን በቡጢ አለው። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሚስቱ ከነዘፈኑ ሰማችው። ወንድምየው ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ ደሙ ሊሰፋ የተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ። ሐኪም ቤት መንጋጋውን በሽቦ አሰሩለት። ከዚያ ወዲህ ምግቡ በቀጭን ቱቦ የሚመጠጥ ሾርባ ሆነ።

ሚስቱ አልጮኸችም። ይህች ሴት ስትጮህ ሳይሆን ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው፤ አንድ ጊዜ የሰደበቻትን ደንበኛ ያለቀ ቀሚስ፣ ባለቤቷ ቆማ እያየች በመቀስ ለሁለት ቀዳዋለች። አሁንም ከከንፈሯ ላይ መርፌዎቿን አንድ በአንድ ለቅማ ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ "ብቻህን የምትሰማበት ነገር ግዛ" አለችው። "እጅህ ግን ከዛሬ በኋላ ሰው ላይ ካረፈ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ባሌ አይደለህም።"

ጉጠት ይወዳታል። ይህን እወቁልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ሲነጋ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ሥራው ሳይሆን ወደ ሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሽማግሌ ነው።

ኪሱ ውስጥ ያለው የሁለት መስኮት ፍርግርግ የእጅ ዋጋ ነው። ሽማግሌው አልናቁትም፤ በዚህ ገንዘብ አሪፍ ማዳመጫ ይገኛል፣ ግን በዓይንህ አትግዛ አሉት። ቤትህ ተቀምጠህ ለምትሰማው ገመድ ምን አለው፣ ገመድ አልባ ካልክ ግማሹ ብር ለባትሪው ይሄዳል። ጆሮህን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሳይጨምቅህ የሚቀመጥ ይሁን። ጀርባው ድፍን ይሁን፤ ክፍት የሆነው ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ወደ ውጭ ስለሚያፈስ ከሚስትህ ጋር መልሶ ያጣላሃል። ስፖንጁና ገመዱ ሲያልቁ የሚቀየሩ ይሁኑ። በቃልህ የምታውቀውን ዘፈን ይዘህ ሂድና ዝቅ አድርገህ ስማው። "ሲጮህማ ቆርቆሮም ይዘፍናል" አሉት። ከመንገዱ ማዞሪያ ባለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን፣ ጌጥ የሌለውን ጥቁሩን ማዳመጫም ጠቆሙት።

ጉጠት ጥቁሩን አነሣው። እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ ቀለለው። በብየዳ ቤት ደግሞ ቀላል ማለት ሌብነት ማለት ነው፤ ከላሜራው የሳሳ፣ ከዘንጉ የቀጠነ ሁሉ የሚታወቀው በሚዛን ሳይሆን በእጅ ነው። ጉጠትም ዕድሜ ልኩን ዕቃን በእጁ መዝኖ ነው የኖረው። ሻጩ ወዲያው ገባው። "እንዳንተ ያለ ጉልበተኛማ ይህን ነው የሚይዘው" ብሎ ዙሪያው ወርቅ ቅብ የሆነ ሌላ አቀበለው። ከበድ ይላል። ሻጩ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው፣ ከበሮው የጉጠትን ራስ ነቀነቀው። የሽማግሌው ምክር በዚያው ከራሱ ወጣ፤ ወርቅ ቅቡን ገዛ።

ሁለት ቀን ቤቱ ሰላም ሆነ። መኪናዋ ብቻ ትንጫጫለች፤ ወንድምየው መንጋጋው ስለታሰረ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አመሰገነው። ሚስቱም በሁለተኛው ቀን ሳታስበው ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች። ጉጠት ግን የሚሰማው ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ጉርምርምታ ነው፤ ዘፋኙ አፉ ውስጥ ጨርቅ የጎረሰ ይመስላል። ጭምቀቱ ጆሮውን ያቃጥለዋል። ትከሻው ላይ ያረፈችውን እጅ አስቦ ቻለው።

በሦስተኛው ቀን ጭምቀቱን ላላ ሊያደርግ ሥራ ቦታ ወሰደውና በካቻቢቴ ፈታው። ከውስጡ፣ ምንም ላይ ሳይያያዙ፣ በሙጫ የተለጠፉ ሁለት የብረት ቁራጮች ወጡ። ብረቱን ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ቆርጦ ወለል ላይ የሚጥለው ዓይነት ፍርፋሪ ነው። ድምፅ ማውጫው ጥፍር የማታህል ነገር ናት። ጓደኞቹ ከበው አዩት፣ ከዚያ በሳቅ ወደቁ። "ለጉጠት ብረት ሸጡለት" አለ አንዱ። ሌላው፣ አይ፣ ቀጥቅጠህ ስጠን ብለው ነው እንጂ ሸጠውልህስ አይደለም አለው።

መንገዱን ሙሉ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ ሱቁ ሄደ። እነግረዋለሁ፣ ይቀይርልኛል፣ እመለሳለሁ እያለ ለራሱ ምሏል። ሻጩ ግን የተፈታ ዕቃ አይመለስም አለ። ጉጠት ብረቶቹን የመስተዋት ሣጥኑ ላይ አስቀመጠለት። ሻጩ አንተ ራስህ ከተህበት ይሆናል ብሎ፣ ቆመው ወደሚያዩት ገዢዎች ዞሮ፣ "ደንቆሮ ነው፣ አትፍረዱበት" አለ። "ለደንቆሮ ሁሉም ማዳመጫ አንድ ነው።"

እጁ ከኪሱ ወጣ።

ሻጩን በአንገትጌው ይዞ በመስተዋት ሣጥኑ አሻግሮ ጎተተው፤ በግንባሩ አፍንጫውን ነረተው። ከጓሮ የወጣው የሻጩ ባልንጀራ የመዝጊያውን የብረት ዘንግ ጉጠት ትከሻ ላይ አሳረፈ። ጉጠት ዘወር አለ፣ ዘንጉን ቀማው፣ ጉልበቱን መታው፤ ባልንጀራው እግሩን እየጎተተ በደረቱ ወደ ደጅ ተሳበ። ሻጩ ሊነሣ ሲል ጉጠት አንሥቶ የመስተዋት ሣጥኑ ላይ ጣለው። መስተዋቱ ተበታተነ። እንደገና መታው፤ አሁንም መታው። ገዢዎቹ ጫማቸውን እየጣሉ በረሩ። ሻጩ ከስብርባሪው መካከል በጎኑ ተጋደመ፣ ጆሮው ሥር ደም ይፈሳል፣ አንድ እጁ ወለሉን ይቧጥጣል።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ሳስበው ይዘገንነኛል። ጉጠት እጁን በሱሪው ጠረገና ጥቁሩን ማዳመጫ ከመደርደሪያው አወረደ። ሽማግሌው እንዳሉት አደረገ። ስፖንጁን በጣቱ ተጫነው፣ ይነቀላል። ገመዱን ነቀለው፣ መልሶ ሰካው። ስልኩ ላይ አገናኝቶ በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ከፈተ፣ ዝቅ አድርጎ። ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ሰማው። ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት ሰማ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጆሮው ሲውታ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈኑን ጨረሰው። የጥቁሩ ዋጋ ትንሽ ይበልጥ ነበርና ልዩነቱን ወለሉ ላይ ከወደቁት ብረቶች አጠገብ አስቀመጠ፤ በእሱ ቤት ሒሳቡን አወራርዷል። ሻጩን ተራምዶ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ፊቱ ፈክቷል። እጄን ያዥልኝ የሚል ሕፃን ይመስል ማዳመጫውን ለሚስቱ ዘረጋላት፣ ስሚው፣ ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል አላት። እሷ ያየችው ጣቶቹን ነው። የማን ደም ነው አለችው። ነገራት፤ ብረቱን፣ ስድቡን፣ ዘንጉን። እውነት ነው፣ ሰውየው ሌባ ነው። እሷም ሌባ አይደለም አላለችም።

"ተነሣ?" አለችው።

"ማን?"

"ሰውየው። ስትወጣ ተነሥቶ ነበር?"

ጉጠት ሻጩ ሲያቃስት አልሰማም ነበር። ተራምዶት ሲወጣም ልብ ብሎ አላየውም፣ ዘፈኑ ገና ራሱ ውስጥ ነበር። "አላውቅም" አለ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እንደ ገባት ሰው። ወንድሟን ጠርታ ልብሶቻቸውን በሁለት አንሶላ ቋጠሩ። ሰዎች ከማዞሪያው በኩል ይጮሃሉ፤ ጉጠትን ሊፈልጉ እየመጡ ይሆናል፣ ሚስቱም ሰምታለች፣ ግን አልቸኮለችም። ቋጠሮዎቹን ደጅ አውጥታ ተመለሰች፤ የልብስ መኪናዋ ቀርታለች። ያቺ መኪና ከነጠረጴዛዋ ብረት ናት፤ ይህንን ቤት ሲከራዩ ጉጠት ለብቻው ተሸክሞ ነው ያስገባት። አሁንም ልማድ ሆኖበት ሊያነሣላት ጎንበስ አለ።

"በዚያ እጅ እንዳትነካት" አለችው።

ቀና አለ። እሷ በአንድ ወገን፣ መንጋጋው የታሰረው ወንድሟ በሌላው ወገን ይዘው አነሧት። ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፏት። ጉጠት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ መኪናዋ ስታርፍ የምታሰማውን ድምፅ ሦስቱንም ጊዜ በደንብ ሰማው።