ቀኑ ያለፈበት ለቅሶ

«በር በሩን አትዪ፤ ከመጣ ይመጣል» አሉ እማማ ብርሃንነሽ፣ የንፍሮውን ሳህን ወደ ሸዋርካብሽ እየገፉ።

«ይምጣ እንጂ! እሱን ነው የምጠብቀው።»

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። በሰው አገር፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ በጠባቧ የኪራይ ክፍል፣ ለቅሶ ደራሹ፣ አከራይዋ አስሊ ባዋሰቻቸው ምንጣፎች ላይ ተደርድሯል። ጥግ የያዙ ሁለት ግንበኞች ይንሾካሾካሉ።

«ገነነ ሊቀር ነው?»

«በምን ፊቱ ይምጣ!»

ሟቹ ባንተአምላክ የሸዋርካብሽ ታናሽ ወንድም ነው። በሥራ ቦታ ጠብ ተነሥቶ አንድ ዘበኛ በድንጋይ ተፈነከተና እሱ ነው ተብሎ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱበት። የወረወረው ሌላ ሰው እንደነበር ፎርማኑ ገነነ በዓይኑ አይቷል። ሶማልኛ የሚችለውም እሱ ስለነበር የይግባኙን ማመልከቻ ሰጡት። «አስገብቻለሁ፤ ጠብቁ» አላቸው። ስድስት ዓመት ጠበቁ። ልትጠይቀው እስር ቤት በሄደች ቁጥር ወንድሟ «ገነነን ሰላም በይልኝ፤ ባለውለታዬ ነው» ይላት ነበር።

በመጨረሻ አስሊን አስከትላ ፍርድ ቤት ሄደች። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ የተናገረውን አስሊ ተረጎመችላት፤ «ይግባኝ የሚባል አልገባም። አሁን ደግሞ ቀኑ አልፏል።»

«ያየ ሰው ባመጣስ?»

«ቀኑ አልፏል፣ እህቴ።»

ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም። እስር ቤት ታሞ እስኪሞት ድረስ ገነነን እንደመረቀ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ምንጣፎቹን ጠቅልላ ስትጨርስ፣ ገነነ ጋቢውን አጣፍቶ በሩ ላይ ቆመ። «ወንድሜን! ወንድሜን!»

ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀመችው እርግማን ጠፋባት።

«ለቅሶው አብቅቷል» አለችው።

«ሸዋዬ፣ እንጀራዬ እንዳይዘጋ ፈርቼ ነው...»

«ቀኑ አልፏል፣ ወንድሜ።»

እማማ ብርሃንነሽ ደረታቸውን ያዙ። «ኧረ ተይ ልጄ! ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ከደጅ ይመለሳል?»

«ይመለሳል፣ እማማ። እኛን መልሰውን የለ?»

ገነነ ጎረቤት ሁሉ እያየው ፀሐይ ላይ ቆመ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ደፍ ላይ አኖረና ሄደ። አንገቱን ደፍቶ መንገዱን እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ደስ አላት። ቢወድቅ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላት ነበር።

ወረቀቱን ዘረጋችው። ማመልከቻው ነው። ከግርጌው ሲሚንቶ የሰነጣጠቀው የባንተአምላክ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ታትሟል።

አስሊ ምንጣፎቿን ልትወስድ መጣች። ሸዋርካብሽ አንድ በአንድ አቀበለቻት። የመጨረሻውን ግን ጫፉን ይዛ አልለቅ አለች።